«አትክልት ነው» ብላ ያበላችኝ ወጥ ውስጥ ሽሪምፕ ነበረበት፤ ፊሊፒንስ ሄጄ ምን ልበላ ነው?

ጥያቄ፦ «የምሠራው ዱባይ ሳሎን ውስጥ ነው። ከጾም ጀምሬ ሙሉ ለሙሉ ቪጋን ከሆንኩ ሁለት ዓመት አልፎኛል፤ ሥጋ፣ ዓሣ፣ እንቁላል፣ ወተት አልነካም። አብራኝ የምትኖረው ፊሊፒናዊት ጓደኛዬ ለእነሱ ገና ቢኮል የሚባለው አገሯ ለሦስት ሳምንት ልትወስደኝ ነው። ጾመኛ ነኝ ስላት ‹እኛም ዓርብ ዓርብ እንጾማለን፣ እናቴ ታውቅበታለች› አለችኝ። ግን ባለፈው ሳምንት አትክልት ብቻ ነው ብላ ያቀረበችልኝ ወጥ ሽሪምፕ ሽሪምፕ ሸተተኝ። ስጠይቃት ‹እሱማ ማጣፈጫ ነው› ብላ ሳቀች። እያወቀች ነው የሸወደችኝ? እዚያ ሄጄ ሩዝና ሙዝ ብቻ እየበላሁ ልከርም? ደግሞ ሰዎች ቢ12 የሚባል ኪኒን ካልወሰድሽ ትታመሚያለሽ ይሉኛል። አያቶቻችን ዕድሜ ልካቸውን ሲጾሙ ምን ኪኒን ወሰዱ? ሃሎሃሎ የሚሉትን በረዶስ መብላት እችላለሁ?»

መልስ፦

አልሸወደችሽም። ከዚህ የምጀምረው ጓደኛሽን ተቀይመሽ አውሮፕላን ከተሳፈርሽ የቀረው ምክሬ ስለማይጠቅምሽ ነው። በእሷ ቋንቋ እውነቱን ነው የነገረችሽ። «ጉላይ» ማለት አትክልት ነው፤ ድስቱ ውስጥ የበዛው አትክልት ከሆነ ምግቡ በሙሉ ጉላይ ይባላል። ለጣዕም ጣል የምትደረገው ሥጋ ወይም ሽሪምፕ «ሳሆግ» ትባላለች፣ አጃቢ ናት፣ ስም አይወጣላትም። ሽሪምፑ ተፈጭቶ በጨው የቦካ ከሆነ ደግሞ ጭራሽ ከምግብ አይቆጠርም። ለእነሱ ጨው ነው።

እኛስ ምን እናደርጋለን? አንድ የውጭ አገር ቪጋን በፍስክ ቀን አዲስ አበባ ምግብ ቤት ገብቶ «ሽሮ ከምን ይሠራል?» ቢል አስተናጋጁ «ከሽምብራ፣ ከአተር» ይለዋል። አልዋሸም። ቅቤው ግን ከላይ እየተንተከተከ ነው የሚመጣው። አስተናጋጁ ቅቤውን ያልጠራው ሊያታልል ፈልጎ ሳይሆን ሽሮ ውስጥ ቅቤ መኖሩ ለእሱ ዜና ስላልሆነ ነው። ጓደኛሽም እንደዚያው ናት።

እኔ ራሴ ይሄን የተማርኩት ሎስ ባኞስ ነው፤ ከማኒላ በስተደቡብ ያለች የዩኒቨርሲቲ ከተማ ናት፣ የሥነ ምግብ ትምህርቴን እዚያ ስከታተል ሁዳዴ ገባ። ቤት ያከራዩኝ ሴትዮ፣ ሁሉም ሰው «ቲታ» ይላቸዋል፣ አክስቴ እንደማለት ነው፣ ሥጋ እንደማልበላ ሲሰሙ ፒናክቤት ልሥራልሽ አሉ። ዱባ፣ ደበርጃን፣ ባሚያ፣ ክንድ የሚያህል ረጅም ፎሶሊያ፣ አምፓላያ የሚባል መራራ ፍሬ። ሁሉንም ዓይኔ እያየ ከተፉ። «ላንቺ ብዬ የአሳማውን ሥጋ ትቼዋለሁ» አሉኝ በኩራት። ነጭ ሽንኩርቱን፣ ቀይ ሽንኩርቱንና ቲማቲሙን አቁላልተው ሲጨርሱ ከመስኮቱ ደፍ ላይ አንድ የመስታወት ብልቃጥ አነሱና ሮዝ የመሰለ ሊጥ በማንኪያ ሙሉ ጣል አደረጉበት። ቤቱ ባሕር ባሕር ሸተተ። «ቲታ፣ ይሄ ምንድን ነው?» አልኩ። «ባጎኦንግ ነዋ!» «ሽሪምፕ አይደለም እንዴ?» ብልቃጡን ብርሃን ላይ ወደ ላይ ይዘው ገልበጥበጥ አድርገው አዩት። ሠላሳ ዓመት የተጠቀሙበትን ነገር ያን ቀን ገና ያዩት ነው የሚመስለው። ከዚያ ልክ እንደ ጓደኛሽ ሳቁ።

እና ቪጋን ሆኖ ፊሊፒንስ ለሚሄድ ሰው ዋናው ችግር ሥጋው አይደለም፤ ሥጋ በዓይን ይታያል። ችግሩ የማይታየው ጨው ነው፦ ባጎኦንግና ፓቲስ። ባጎኦንግ በጨው የቦካ ዓሣ ወይም ደቃቅ ሽሪምፕ ነው፤ የሽሪምፑ «አላማንግ» ይባላል። በድሮው አሠራር ዓሣው ሲቦካ ከላይ የሚጠልለው ቡናማ ፈሳሽ ፓቲስ ይሆናል። ምክንያቱ ግልጽ ነው። አገሩ 7,641 ደሴት ነው፣ ባሕሩ ደጃፍ ላይ ነው፣ ሙቀቱ የያዙትን ዓሣ በግማሽ ቀን ያበላሸዋል፣ ማቀዝቀዣ ደግሞ ትናንት የመጣ ነገር ነው። ስለዚህ ዓሣውን በጨው ማቆየት ግድ ነበር። ሥጋ ደግሞ ውድ ነው፤ ለበዓል ነው ወይም ለአንድ ድስት አትክልት ጣዕም እንዲሰጥ እፍኝ የማትሞላ ቁራጭ ናት። ፎቶ ላይ የምታይው ሙሉ የተጠበሰ አሳማ፣ ሌቾን የሚሉት፣ የድግስ ምግብ ነው። እኛም በየቀኑ ዶሮ ወጥ አንበላም።

ይሄ ላንቺ ጥሩ ዜና ነው። የቤቱ የዘወትር ምግብ መሠረቱ ሩዝና ተክል ነው። የእንስሳው ክፍል ትንሽ ነው፤ ድስቱ ከመጣዱ በፊት ከተነገረ መተው ይቻላል። ድስቱ ከወረደ በኋላ ግን አይቻልም። ስለዚህ ሙያው ያለው ሲቀርብልሽ በመጠየቅ ላይ አይደለም፣ ከመሠራቱ በፊት በመናገር ላይ ነው።

አሁን ወደ ትልቁ ስህተትሽ ልምጣ። «ጾመኛ ነኝ» የሚለውን ቃል ከዛሬ ጀምሮ ተዪው። ፊሊፒኖች አብዛኞቹ ካቶሊክ ናቸው። በዐቢይ ጾም ዓርብ ቀን የሚከለከሉት ሥጋ ነው፤ ዓሣ፣ ሽሪምፕ፣ እንቁላል፣ ወተት፣ አይብ ሁሉም ይበላል። የጓደኛሽ እናት «ትጾማለች» ሲባሉ ምን እንደሚሠሩልሽ ልንገርሽ? የተጠበሰ ዓሣ። ያውም ትልቁን መርጠው። አንቺ ደግሞ ሰሃኑን እያየሽ ምን ልበል ትያለሽ። የእኛን የዓሣ ይበላል አይበላም ክርክር እዚያ ይዘሽ አትሂጂ፤ አይገባቸውም። ጾመ ነቢያት ከኅዳር 15 ጀምሮ እስከ እኛ ገና ዋዜማ ስለሚዘልቅ የእነሱ ገና የሚውለው እኛ ጾም ላይ ሳለን ነው። ለቤተ ክርስቲያንም ብለሽ የምትጾሚ ከሆነ ያንን ለብቻው አስረጂያቸው፤ ከምግቡ ዝርዝር ጋር አታደባልቂው።

ቪጋን የሚለውም ቃል ገጠር ውስጥ ብዙ አይረዳሽም። «ሥጋ አልበላም» ማለትም አይበቃም፤ «ካርኔ» ሲባል ብዙ ሰው የሚታየው የአሳማና የበሬ ሥጋ ነው፣ ዶሮ ራሱ አንዳንዴ ሌላ ነገር ነው። አንድ በአንድ ጥሪው። ይቺን ዓረፍተ ነገር በቃልሽ ያዢ፦ «ባዋል ፖ ሳ አኪን አንግ ካርኔ፣ ማኖክ፣ ኢስዳ፣ ሂፖን፣ ባጎኦንግ፣ ፓቲስ፣ ኢትሎግ አት ጋታስ።» ሥጋ፣ ዶሮ፣ ዓሣ፣ ሽሪምፕ፣ ባጎኦንግ፣ ፓቲስ፣ እንቁላልና ወተት ክልክል ነው ለእኔ ማለት ነው። «ባዋል» የሚለው ቃል ጠቃሚ ነው። ስኳር ያለበት ሰው ከኬክ ፊት የሚለው ቃል ስለሆነ ማንም አይከራከርሽም። «አያው ኮ»፣ አልፈልግም፣ ካልሽ ግን ምግባቸውን የናቅሽ ይመስላል፤ ባለቤቷ ታዝናለች። «ፖ»ን አትርሺ፤ በእኛ «አንቱ» ማለት ናት፣ ለታላቅ ሰው ስትናገሪ ጣል ታደርጊያታለሽ። አንድ ወጥመድ ደግሞ አለ፦ «ጋታ» የኮኮናት ወተት ነው፣ «ጋታስ» የላም ወተት ነው። በአንዲት «ስ» ነው የሚለያዩት። የመጀመሪያው ወዳጅሽ ነው፣ ሁለተኛው አይደለም።

እሺ፣ ባጎኦንጉን እንዲተዉልሽ እንዴት ትጠይቂያለሽ? የሙሉ ቤተሰብ ድስት ላንቺ ብለው አልጫ እንዲያደርጉ መጠየቅ ይከብዳል፤ ቢያደርጉትም ሦስት ሳምንት ሙሉ ቤቱ ይማረርብሻል። መፍትሔው ከራሳቸው ባህል ውስጥ ነው ያለው። ፊሊፒኖች «ሳውሳዋን» የሚሉት አላቸው፤ ገበታ ላይ በትንንሽ ሳህን የሚቀርብ ማጥቀሻ ነው፣ አቼቶ ከነጭ ሽንኩርትና ሚጥሚጣ ጋር፣ ሶያ ሶስ ከካላማንሲ ጋር (ካላማንሲ እንደ ድንብላል የምታክል ሎሚ ናት ብል አጋነንኩ፣ የብይ ያህል ናት)። ማብሰያው ድስት የመጨረሻ ቃል የለውም፤ እያንዳንዱ በላተኛ ጣዕሙን ገበታ ላይ ለራሱ ያስተካክላል። እንዲያውም ካሬካሬ የሚባለው የለውዝ ወጥ ሲቀርብ ባጎኦንጉ ሁልጊዜ ለብቻው ከጎን ነው የሚቀመጠው፤ ማንም ይሄ ነውር ነው አይልም። ስለዚህ የምትጠይቂው «ባጎኦንግ ተዉ» ብለሽ አይደለም። «አሲን ላንግ ፖ፣ ሂዋላይ አንግ ባጎኦንግ» ትያለሽ፦ ድስቱ በጨው ብቻ ይሠራ፣ ባጎኦንጉ ለብቻው ገበታ ላይ ይቅረብ። እነሱ እየጨመሩ ይበላሉ፣ አንቺም ከአንድ ድስት ትበያለሽ። የእኔ ቁርጥ ያለ ምክር ይሄ ነው። ከብዙ ሰው ጋር ሞክሬዋለሁ፣ የሚሠራው እሱ ነው። «የራሴን ምግብ ለብቻዬ እሠራለሁ» ከሚለው ይሻላል፤ ብቻሽን ጥግ ላይ መብላት እዚያ አገር እንደ ኩርፊያ ነው የሚታየው።

ምን ትበያለሽ? የምትሄጅበት ቢኮል መሆኑ ዕድለኛ ነሽ። ቢኮል የኮኮናትና የሚጥሚጣ አገር ነው፤ ሌላው ፊሊፒናዊ ቃሪያ ሲያይ ይሸሻል፣ ቢኮላኖ ግን ለሐበሻ ምላስ ቅርብ ነው። ስመ ጥሩ ምግባቸው «ላይንግ» ነው፦ የደረቀ የጎደሬ ቅጠል በኮኮናት ወተት፣ በዝንጅብልና በሚጥሚጣ ቀስ ብሎ የሚበስል። አዎ፣ ያው በደቡብና በምዕራብ አገራችን ሥሩ የሚበላው ጎደሬ። ቅጠሉ በደንብ ካልበሰለ ጉሮሮ ያሳክካል፣ ኦክሳሌት ስላለበት ነው፤ ቅጠሉ ሳይልም አታማስይው የሚሉትም ለዚህ ነው። ላይንግ ውስጥ አሳማ ወይም ሽሪምፕ መግባቱ የተለመደ ስለሆነ አስቀድመሽ ተናገሪ። ያለ እነሱም ቢሆን በጣም ይጣፍጣል፣ ኮኮናቱ ራሱ ይሸከመዋል። በኮኮናት የሚሠራ ነገር ሁሉ «ጊናታን» ይባላል፤ ዱባ፣ ያልበሰለ ጃክፍሩት፣ የሙዝ አበባ፣ ሁሉም ይሠራበታል። ኮኮናት ወተት ግን ጠጣር ስብ የበዛበት ነው፤ ኮሌስትሮል ያለበት ሰው በቀን ሁለቴ አይብላው።

አዶቦን ሥጋ ብቻ አድርገሽ አትይው። አዶቦ የአሠራር ስም ነው፦ አቼቶ፣ ሶያ ሶስ፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ቁንዶ በርበሬ። ካንግኮንግ በሚባል ቅጠል ወይም በፎሶሊያ ይሠራል፣ ጨዉን የሚያገኘው ከሶያ ሶሱ ስለሆነ ከባጎኦንግ ነፃ የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው። ኦይስተር ሶስ (ከባሕር እንስሳ የሚሠራ ማጣፈጫ) እንዳይገባበት ብቻ ጠይቂ። ሲኒጋንግ ደግሞ በሮቃ (እናንተ ዱባይ ተመር ሂንዲ የምትሉት) የሚጎመዝዝ ሾርባ ነው፤ በአትክልት ብቻ አሠሪው። ሶያ ሶስ ላይ አንድ ነገር ልበል፦ አንድ የሾርባ ማንኪያ ወደ 900 ሚሊግራም ሶዲየም አለው፣ የዓለም ጤና ድርጅት በቀን ከ2,000 በታች ይላል። ደም ግፊት በዘር ካለብሽ ማጥቀሻው ላይ ረጋ በዪ።

ባጎኦንግ የሚሰጠው ያ ጥልቅ ጣዕም ይጎድልብኛል ብለሽ ከሰጋሽ «ታውሲ» ግዢ። በጨው የቦካ ጥቁር የሶያ ፍሬ ነው፣ በየሱቁ በቆርቆሮ ይሸጣል። በነጭ ሽንኩርት አቁላልተሽ፣ በማንኪያ ጀርባ ደፍጥጠሽ፣ አቼቶና ትንሽ ስኳር ጠብ አድርጊበት። ባጎኦንግ ነው አልልሽም። ግን ፒናክቤቱን ከአልጫነት ያወጣዋል።

ፕሮቲኑ ላይ ጠንከር ልበል፤ ሰው የሚሸወደው እዚህ ነው። ዱባይ ሆነሽ ሽሮና ምስር ስለምትበዪ ሳታስቢው ፕሮቲን ታገኛለሽ። እዚያ ግን ሩዝ ከቅጠል ጋር ከሆነ ገበታሽ፣ ትጠግቢያለሽ እንጂ አትመገቢም፤ አንድ ስኒ የበሰለ ሩዝ ወደ 4 ግራም ፕሮቲን ነው ያለው። 60 ኪሎ የምትመዝን ሴት በቀን ቢያንስ 48 ግራም አካባቢ ያስፈልጋታል። መልሱ «ሞንጎ» ነው። ሞንጎ ሌላ ምንም አይደለም፣ ሰሜን ሸዋ የሚበቅለው ማሾ ነው። አንድ ስኒ የበሰለው 14 ግራም ያህል ፕሮቲን አለው። ዓርብ ዓርብ፣ በተለይ በዐቢይ ጾም፣ ብዙ ቤት ይሠራል፤ በነጭ ሽንኩርትና ቲማቲም ተቁላልቶ ሲወርድ ቅጠል ይነሰነስበታል። ከላይ የተጠበሰ የአሳማ ቆዳ ወይም የጢስ ዓሣ ስለሚጨምሩበት የአንቺን ቀድመው ይጭለፉልሽ። ቅጠሉ «ማሉንጋይ» ነው፣ የእኛ ሽፈራው የቅርብ ዘመድ። የኮንሶ ሰው ቢያየው ሰላም ይለዋል። ብዙ ጊዜ አጥር ላይ ስለሚበቅል ዋጋ የለውም፣ ካልሲየምና ብረት ግን ይሰጥሻል። ብረቱ በደንብ እንዲወሰድ ካላማንሲ ጭመቂበት፤ ሻይና ቡናውን ከምግቡ አንድ ሰዓት አርቂው። (ቡና ማራቅ ለሐበሻ ከሥጋ ይከብዳል፣ አውቃለሁ።)

ሁለተኛው ቶፉ ነው፣ «ቶክዋ» ይሉታል። ቃሉም ምግቡም ከደቡብ ቻይና ነጋዴዎች ጋር የመጣ ነው፤ ማኒላ ውስጥ ያለው ቢኖንዶ የተመሠረተው በፈረንጆቹ 1594 ነው፣ በዓለም አንጋፋው የቻይናዎች ሰፈር እሱ ነው ይባላል። ሶያ ሶሱ፣ ሉምፒያው (በስሱ ሊጥ የሚጠቀለለው)፣ ታሆው ሁሉ ስማቸው ከዚያ ነው። ሶያን በማቀነባበር የታወቀችው ግን ማሪያ ኦሮሳ የምትባል ፊሊፒናዊት የምግብ ባለሙያ ናት። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ከሶያ የሠራችው ዱቄት በድብቅ እየገባ በጃፓኖች እጅ የታሰሩ ብዙ ሰዎችን ከረሃብ ታድጓል፤ እሷ ራሷ በፈረንጆቹ የካቲት 1945 ማኒላ ውስጥ በጦርነቱ ሞተች። የሙዝ ካቻፕንም የፈጠረችው እሷ ናት ይባላል።

ታሆን ግን አደራ እንዳታልፊው። ጠዋት ገና ከአልጋሽ ሳትነሺ «ታሆኦኦ!» የሚል ድምፅ በመንገዱ ይሄዳል። ሰውዬው ትከሻው ላይ በእንጨት ያንጠለጠላቸው ሁለት የብረት ባልዲዎች አሉ፤ በትልቁ ትኩስ ለስላሳ ቶፉ፣ በትንሹ የቡናማ ስኳር ሽሮፕና እንደ ዶቃ የሚያበሩ ሳጎ የሚባሉ የስታርች እንክብሎች። በዝርግ ማንኪያ ከላይ ያቀረረውን ውኃ ገፎ ያፈስሰዋል፣ ቶፉውን በስሱ እየቀረፈ ብርጭቆ ይሞላል፣ ሽሮፑን ያለብሰዋል። በቁምሽ ትጠጪዋለሽ። በመደበኛው አሠራር አንዳች የእንስሳ ነገር የለበትም። ስኳሩ ይበዛል፣ በቀን አንድ ይበቃል።

ከቤት ውጭ ስትሆኚ ጥንቃቄው ይጨምራል። የሾርባ ኩብና የማጣፈጫ ዱቄት በብዙ ወጥ ቤት ይገባል፣ ውስጡ ዶሮ፣ አሳማ ወይም ሽሪምፕ ነው። የእሽግ ምግብ ላይ ጽሑፉ በእንግሊዝኛ ስለሆነ «ኮንቴይንስ» የሚለውን መስመር ፈልጊ፣ ዓሣ፣ ክረስቴሽያን (ሽሪምፕና መሰሎቹ)፣ እንቁላል፣ ወተት ብሎ ይዘረዝርልሻል። ፓንሲት የሚሉት ኑድል ሲቀርብልሽ ቢሆን የሩዝ ወይም የማሾ ኑድል ይሁን፤ ቢጫው «ካንቶን» እንቁላል ሊኖርበት ይችላል፣ መረቁም የዶሮ ነው። ፓንዴሳል የሚሉት የጠዋት ዳቦ አንዱ ጋ ወተት፣ ሌላው ጋ የአሳማ ስብ ስላለበት ሳትጠይቂ አትግዢ። ሉምፒያ ሲባል «ሻንግሃይ» የተባለው ሥጋ ነው። መንገድ ላይ የሚሸጠው ቱሮን፣ በስሱ ሊጥ የተጠቀለለ የተጠበሰ ሙዝ፣ በራሱ ንፁህ ነው፤ ዘይቱ ግን ጠዋት ዶሮ ተጠብሶበት ሊሆን ይችላል። ማኒላ ካደራችሁ የአድቬንቲስት ምእመናን የከፈቷቸው የአትክልት ምግብ ቤቶችና ከስንዴ የሚሠራ «ቬጂ ሚት» ታገኛላችሁ። ብዙ አድቬንቲስቶች ግን እንቁላልና ወተት ይበላሉ፣ ስለዚህ አትክልት ስላለ ብቻ ቪጋን ነው ብለሽ አትደምድሚ።

ገና ሲቃረብ ከታኅሣሥ 16 እስከ 24 በፈረንጆቹ በየጎህ ሲቀድ ቅዳሴ አለ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ላይ ምግብ ይሸጣል። ቢቢንግካ እንቁላልና ወተት አለበት፣ ተዪው። ፑቶ ቡምቦንግ ሐምራዊ ሩዝ በቀርከሃ በእንፋሎት የተሠራ ነው፤ ቅቤና አይብ ሳይጨመርበት በኮኮናትና በስኳር ብቻ ስጡኝ በያቸው። ሱማንም አለ፣ ተጣባቂ ሩዝ በኮኮናት ወተት በሙዝ ቅጠል ተጠቅልሎ የሚቀቀል፤ ቅጠሉን ስትፈቺው የኮባ ዳቦ ትዝ ይልሻል።

ለገና ሌሊቱ ግን ራስሽን አዘጋጂ፤ ገበታው ካም፣ አይብና ሥጋ ያለበት ጣፋጭ ስፓጌቲ ነው፣ ያንን ማንም አይለውጥልሽም። አንድ ትልቅ ድስት አንቺ ሥሪ። እዚያ እንግዳ ባዶ እጁን አይመጣም፣ «ፓሳሉቦንግ» ይጠበቃል፤ ሽሮና በርበሬ ይዘሽ ሂጂ፣ በደንብ ይታሸግ፣ ጉምሩክ ላይ አሳውቂ። የለውዝ ካሬካሬ የለመደ ሰው ሽሮ ሲቀምስ ግር አይለውም። በዚያው የአንቺም ፕሮቲን ተሸፈነ።

ገደቡንም ልንገርሽ። ማማሰያው አንድ ነው፣ ዘይቱ አንድ ነው፣ ብልቃጡ ውስጥ የገባው ማንኪያ ወደ አንቺ ድስት ይመለሳል። መቶ በመቶ ንፁህ ሦስት ሳምንት አይኖርሽም። ይሄ ለሕሊናሽ የሚበቃ መሆኑን ከመሄድሽ በፊት ለራስሽ ወስኚ፣ እዚያ ገበታ ላይ አትወስኚ። የሽሪምፕ አለርጂ ያለብሽ ከሆነ ግን ጉዳዩ ሌላ ነው፣ የሐኪም ነው፤ ከላይ ያልኩትን የጋራ ድስት ምክር እርሺው።

ስለ ቢ12፣ ሰዎቹ ልክ ናቸው። አያቶቻችን ጾመኛ ነበሩ እንጂ ቪጋን አልነበሩም። ጾሙ ሲፈታ ቅቤው፣ እርጎው፣ አይቡ፣ እንቁላሉ፣ ዶሮው ይመጣል፤ ጉበት ደግሞ ያንን ቢ12 ለዓመታት ያከማቻል። አንቺን እስካሁን ያላመመሽም ያው ቀድሞ የተከማቸው ነው፣ እያለቀ ግን ነው። ጤፍ፣ ሽሮ፣ ማሉንጋይ፣ እዚያ የሚበሉት የባሕር አረም፣ አንዳቸውም የሚታመን ቢ12 የላቸውም። የአዋቂ ሰው ፍላጎት በቀን 2.4 ማይክሮግራም ቢሆንም በኪኒን ሲወሰድ ሰውነት የሚቀበለው ጥቂቱን ስለሆነ በሳምንት ሁለት ጊዜ 1,000 ማይክሮግራም፣ ወይም በየቀኑ 50 ውሰጂ። ከመሄድሽ በፊት እዚያው ዱባይ ደም ተመርመሪ፣ ቢ12 እና ፌሪቲን (የብረት ክምችትሽን የሚያሳይ) በያቸው። እጅና እግርሽን የሚደነዝዝሽ፣ ምላስሽ የሚቆስል፣ ያለ ምክንያት የሚደክምሽ ከሆነ ኪኒን ገዝተሽ ዝም አትበዪ፣ ሐኪም ጋ ሂጂ፤ የነርቭ ጉዳቱ ከቆየ ላይመለስ ይችላል። እርግዝና ካሰብሽ ደግሞ ነገ ሳይሆን ዛሬ ጀምሪ።

ሃሎሃሎ፦ የተፈጨ በረዶ፣ ቦሎቄ፣ ጣፋጭ ፍራፍሬ፣ ኡቤ የሚሉት ሐምራዊ ቦዬ፣ ከላይ የታሸገ ወተትና ሌቼ ፍላን (ከእንቁላልና ከወተት የሚሠራ ጣፋጭ)። ኡቤው ራሱ ብዙ ጊዜ ከጣፋጭ ወተት ጋር ነው የሚሠራው። ስለዚህ ሻጯን «ዋላንግ ጋታስ፣ ዋላንግ ሌቼ ፍላን፣ ዋላንግ ኡቤ» («ዋላንግ» ያለ፣ የሌለበት ማለት ነው) በያትና የኮኮናት ወተት ካላት ጋታ ታፍስልሽ። «ጋታ» ስትዪ መጨረሻዋ ላይ ቁረጪው፤ «ስ» ካመለጠሽ ወተቱ ይፈሳል።